የሚያሳክከውና የደነዘዘው
(ስለ ችፌ፣ ስለ ሥጋ ደዌና ስለ አንድ የድሬዳዋ ሸሚዝ)

ድሬዳዋን በግንቦት ወር ያየ ሰው ሙቀቷን አይረሳም። ከዚራ ውስጥ በዛፎቹ ጥላ ሥር እንኳ ነፋሱ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ወንዱ ሽርጡን አሸርጦ በካናቴራ በራፉ ላይ ይቀመጣል፤ ሕፃናት ራቁታቸውን ይሮጣሉ፤ ማንም ማንንም አይታዘብም። በዚህ ሙቀት ውስጥ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እጅጌው አንጓዬን የሚሸፍን ሸሚዝና ረጅም ሱሪ ለብሼ ኖሬአለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሸሚዙን የሰፋችልኝ እናቴ ናት። አንገቱ ድረስ ቁልፍ ነበረው።

ምክንያቱ በክርኔ እጥፋትና በቋንጃዬ ላይ የወጣው ሽፍታ ነው። ጠቆር፣ ሻከር ያለ፣ ሲነኩት የብርቱካን ልጣጭ የሚመስል ነገር። እናቴ መጀመሪያ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም። ነጭ ጋውን የለበሰው ሰው ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ተመለከተኝ እንጂ አልነካኝም። «ወደ ሐረር ውሰጂው፤ እዚያ ይዩት» ብሎ ወረቀት ጻፈላት። ሌላ ቃል አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም። የዚያን ጊዜ የድሬ እናት በቆዳ በሽታ «ወደ ሐረር» ስትባል ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

ጎረቤታችን ወረቀቱን አይታ «አንቺ፣ ልጁን እንዳትወስጂው። ከገባ አይወጣም» አለቻት። (እናቴን በዕድሜ ብዙ አትበልጣትም ነበር፤ ብትበልጣትም ባታንሳትም ያው «አንቺ» ነው። ድሬ ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ቃል ባቡር ጣቢያ ላይ ተረስቶ የቀረ ዕቃ ነው።) ወረቀቱ ምድጃ ውስጥ ገባ። ሸሚዙ ተሰፋ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ተረቱን የሚደግሙት ሰዎች ግን ሰው በሽታውን ለምን እንደሚደብቅ ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ ያንን ሁሉ ፍርሃት ከየት አመጣችው? ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

* * *

ቆዳ ላይ ለሚወጣ ነገር አማርኛ ስም አላጣም። ደረትና አንገት ላይ እንደ ካርታ የሚዘረጋው ቋቁቻ፣ ዳሩን እያሳበጠ በክብ የሚሰፋው ጭርት፣ የሕፃናትን ፀጉር የሚያራግፈው ቆረቆር፣ ጣት መሐል ገብቶ ቤተሰቡን ሁሉ ሌሊት የሚያስነሳው እከክ፣ ወተት የፈሰሰበት የሚመስለው ለምጽ፣ የሚያሳክከው፣ ውኃ የሚያቋጥረውና የሚያሻክረው ችፌ። ሕዝቡ ዓይን እንደነበረው ስሞቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ከሁሉም ጀርባ ግን አንድ በሽታ ቆሞ ነበር። ስሙ ስድብ እስኪሆን ድረስ የተፈራው ሥጋ ደዌ። አንድ ሽፍታ በጊዜው ካልጠፋ ሌላው ስም ሁሉ ተረስቶ የሚታሰበው እርሱ ነው።

ለዚህ ግራ መጋባት አንዱ ምንጭ መጽሐፍ ቅዱስ መሆኑን ስናገር ቅር የሚለው አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። ጥፋቱ የመጽሐፉ ሳይሆን የትርጉም ጉዞ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ላይ ካህኑ የሰውን ቆዳ እንዴት እንደሚመረምር ተጽፏል። ፀጉሩ ነጥቷል? ከቆዳው ጠልቋል? ሰባት ቀን ይለየው፣ ተመልሶ ይየው። ለዘመኑ እጅግ ጥንቁቅ ምርመራ ነው። ሆኖም የዕብራይስጡ ቃል አንድ በሽታን ብቻ አያመለክትም። በዚያው ምዕራፍ ልብስ ላይ፣ በሚቀጥለውም የቤት ግድግዳ ላይ ይወጣል ተብሏልና። ግድግዳ ሥጋ ደዌ አይይዘውም። የግሪክ ተርጓሚዎች ይህን ቃል «ሌፕራ» አሉት፤ በእነርሱ ቋንቋ ቅርፊት የሚያራግፍ ቆዳ ማለት ነው። ሥጋ ደዌን ራሱን የጥንት ግሪኮች የሚጠሩት በዝሆን ስም ነበር። እኛ ደግሞ ዝሆንን ለሚያብጥ እግር ሰጠነው፤ ዝሆኔ አልነው። ብሉይ ኪዳን ከግሪኩ ወደ ግዕዝ ሲመለስ «ለምጽ» የሚለው ቃል ገባ። ዛሬ በአነጋገራችን ለምጽ ማለት ቀለሙን ያጣ ነጭ ቆዳ ነው፤ አያምም፣ አይጋባም። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ከሰፈር ውጪ የሚያስወጣው እርሱ ነው። በየዘመኑ ስንት ችፌ ያለበት፣ ስንት ለምጽ የወጣበት ሰው በዚህ አንድ ቃል ምክንያት ከማኅበር እንደተለየ መዝጋቢ አልነበረም።

* * *

አሁን ወደ ሐረር መንገድ እንውጣ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ራስ መኮንን ሐረርን በሚገዙበት ዘመን፣ በ1901፣ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን በከተማይቱ የቅዱስ እንጦንስን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቋሙ። በአገራችን በዓይነቱ የመጀመሪያው ነው። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ፣ በታኅሣሥ 1902፣ የጅቡቲው ባቡር ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱ ሐረር ድረስ መውጣት ስላልቻለ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፣ ኋላ ድሬዳዋ ሆኖ ቀረ። እንግዲህ የሕሙማኑ ቤት ከድሬዳዋ በአንድ ዓመት ይበልጣል። ከተማችን ስትወለድ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ በማይርቅ ተራራ ላይ ያ ቤት ቆሞ ይጠብቃት ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በጀርመናውያን ርዳታ የቢሲድሞ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ተሠራ። የሚያሠራው ማኅበር ቩርትስቡርግ በምትባለው ከተማ በ1957 የተቋቋመ ሲሆን ቢሲድሞ ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ነበር።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ የተሠራው መልካም ሥራ ብዙ ነው፤ ማንም የማይጠጋውን ሰው ቁስል አጥበዋል። ነገር ግን ቤቱ ከሰው ተለይቶ በመሠራቱ፣ የገባውም ለብዙ ዘመን ሲወጣ ባለመታየቱ፣ በአካባቢው ሕዝብ አእምሮ የተቀረጸው ሕክምናው ሳይሆን መለየቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዘነበወርቅ የሚለው ስም የደረሰበት ይኸው ነው። የልዕልት ስም ነበር፤ በሆስፒታሉ ምክንያት የሰፈር ስም፣ ቀጥሎም የልጆች መሰዳደቢያ ሆነ። ዛሬ በዚያው ግቢ በ1965 የተመሠረተው አለርት ይገኛል። ሥጋ ደዌን ብቻ ሳይሆን የቆዳ በሽታን ሁሉ የሚያክምና ሐኪሞችን የሚያሠለጥን ትልቅ ሆስፒታል ነው። በችፌ የተቸገረ ሰው ከዚያ በር ሲገባ ግን አሁንም ዘመድ እንዳያየው ግራና ቀኝ ይመለከታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጎረቤታችን «ከገባ አይወጣም» ስትል የተናገረችው የአያቷን ዘመን ነው። ያኔ እውነት ነበር። እርሷ ይህን ስትናገር ግን ሕክምናው ተለውጦ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ከ1981 ጀምሮ ሁለት ሦስት መድኃኒቶች አጣምሮ መስጠትን በመምከሩ በሽተኛው ቤቱ ተቀምጦ ኪኒን እየዋጠ የሚድንበት ጊዜ መጥቷል። ወሬው መንደራችን አልደረሰም።

* * *

ሸሚዙን ያስወለቀኝ አንድ ጡረታ የወጣ ድሬሰር ነው። በወጣትነቱ በሐረር በኩል ከደዌ ሕሙማን ጋር ሠርቷል ይባል ነበር። ለሌላ ጉዳይ ቤታችን መጥቶ በዚያ ሙቀት ታንቄ ሲያየኝ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሳቁን ተወው። እናቴን ቀና ብሎ አይቶ «ልጄ፣ ምን ደብቀሽ ነው?» አላት።

«ምንም አባባ» አለች። ማልቀስ ጀመረች።

ሸሚዙን ራሱ ፈታው። ከነጠላዋ ጫፍ አንዲት ክር መዘዘ፤ በምራቁ አሾላት። «ዓይንህን ጨፍን። ስነካህ ቦታውን በጣትህ አሳየኝ» አለኝ። ነካኝ፤ አሳየሁት። እንደገና በሌላኛው ክንዴ፣ እንደገና በቋንጃዬ። ክሯ ስታርፍ ልክ እንደ ዝንብ እግር ይሰማኝ ነበር። «ያሳክክሃል?» ሲለኝ በእኔ ፈንታ እናቴ መለሰች፤ «ሌሊቱን ሙሉ! አንሶላው በደም ይነከራል።» ድሬሰሩ ክሯን ጥሎ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ክንዴን በሁለት መዳፉ ያዘ። «ደዌ ቢሆን ባልተሰማው ነበር። ይኼ ችፌ ነው» አላት።

ምርመራው ከዚህ አይበልጥም። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ስጀምር ያ ሽማግሌ ያደረገው በሕክምና መጻሕፍት የሰፈረውን መሆኑን አየሁ። በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን በርገን ከተማ ላይ ያገኘው የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚወደው ነርቭ ነው። ስለዚህ ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀሪው ቆዳ ፈዘዝ ያለ፣ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የደነዘዘ ቦታ ነው። ጣት የሚያጥረው በሽታው ቆርጦ በልቶት ሳይሆን ሰውዬው ሙቅ ድስት ሲይዝ፣ እሾህ ሲወጋው ስለማይሰማው ቁስል በቁስል ላይ እየተደራረበ ነው። ከመቶ ሰው 95 ያህሉ ባክቴሪያው ቢደርስበት እንኳ በተፈጥሮው ይከላከለዋል። በሽታው ግን አልጠፋም፤ በአገራችን ዛሬም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ቶሎ የታየ ያለ ምንም ጉዳት ይድናል። እናቴ ያቃጠለችው ወረቀት በውስጡ እውነት ቢኖርበት ኖሮ ያ ሁለት ዓመት ጣቶቼን ያስከፍለኝ ነበር።

ችፌ የዚህ ተቃራኒ ነው። ማሳከክ የሌለበት ችፌ የለም ይላሉ ሐኪሞች። ሕፃን ላይ ጉንጩንና የክንዱን ውጪ ይይዛል፤ ልጅ ሲያድግ ወደ ክርን እጥፋት፣ ወደ ቋንጃ፣ ወደ አንገትና አንጓ ይሄዳል። ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ቆዳው ይደርቃል፤ ሲብስበት ውኃ ያቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ቅርፊት ይሠራል፤ በማከክ ብዛት እንደ ቁርበት ይወፍራል። ብዙ ጊዜ በቤተሰቡ ውስጥ አስም ያለበት ወይም አቧራ ሲነካው የሚያስነጥሰው ሰው አይጠፋም፤ እኛ ቤት አጎቴ ነበር። አይጋባም። መግል ከያዘና ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ የሚያመነቱበት ጊዜ አይደለም።

* * *

እስካሁን የተናገርሁት የእኛን ስሕተት ነው። የውጪዎቹም ስሕተት አለ፤ ይህኛው ደግሞ ተምሮ የተሳሳተ ነው።

ፈረንጆች ችፌን የሚጠሩበት «ኤክዜማ» የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፈልቶ መውጣት ማለት ነው፤ እንደ ወተት ገንፍሎ። ቃሉ በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአሚዳው አኤቲዮስ መጽሐፍ ላይ ይገኛል። ለበሽታው በዛሬው ዓይነት ቦታ የሰጡት ግን የለንደኑ ሐኪም ሮበርት ዊላን ናቸው። ከ1798 ጀምሮ የቆዳ በሽታዎችን እንደ ዕፅዋት በየወገናቸው ከፋፍለው፣ ባለቀለም ሥዕል እያስደገፉ አሳተሙ። ሥዕሉ የተሳለው በለንደን ድሆች ቆዳ ላይ ነው። ከእርሳቸው ወዲህ በቪየና፣ በፓሪስ፣ በኒውዮርክ የተጻፈው ሁሉ አንድ ቃል ይደጋግማል፤ ቀይ። ቀይ ሽፍታ፣ ቀይ እብጠት፣ የቀላ እጥፋት።

በእኛ ቆዳ ላይ ቀይ ወዴት አለ? ጠይም ቆዳ ሲቆጣ ቡናማ፣ ሐምራዊ ወይም ዐመድማ ይሆናል። ብዙውን ጊዜም በየፀጉሩ ሥር እንደ ስንዴ ቂንጬ ጥቃቅን እህል ሆኖ ይነሳል፤ ከእጥፋቱ ይልቅ በክርኑና በጉልበቱ ውጪ ሊወጣም ይችላል። ሲድን ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ወራት ይቆያል። ያ ነጣ ያለው ጠባሳ ነው እንግዲህ በመንደር ለምጽ፣ በባሰም ደዌ የሚባለው። ቀይ ፈልግ ተብሎ የተማረ ሰው ይህን ሁሉ ከፊቱ አስቀምጦ ላያየው ይችላል። ያ ጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠው ሰው የተማረበት መጽሐፍ ውስጥ የእኔን ክንድ የሚመስል ሥዕል እንዳልነበረ እገምታለሁ። ይቅርታ እንዳደርግለት የረዳኝ ይህ ነው። አለመንካቱን ግን ይቅር አላልኩትም።

ይህ የቅሬታ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1994 የእንግሊዝ ሐኪሞች ችፌ ለመለየት አጭር መመዘኛ አወጡ፤ በብዙ አገር ተፈትኖ ተመሰገነ። ተመራማሪዎች ጂማ ላይ በሕፃናት ሞክረውት በ2005 ሲያሳትሙ ግን መመዘኛው በሌላ አገር የሠራውን ያህል አልሠራም። በ2006 ደግሞ የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ግንብ የሚያጠብቅ ፕሮቲን የሚያዛባ የዘር ለውጥ ለችፌ ዋና መንስዔ መሆኑን ሲያገኙ «ምስጢሩ ተፈታ» ተባለ። በ2011 ኢትዮጵያውያንና ስዊድናውያን ሐኪሞች በአገራችን ሕሙማን ላይ ሲፈልጉት ከአንድ አዲስ ለውጥ በቀር በአውሮፓ የታወቁትን አላገኙም። ያው የሚያሳክክ ቆዳ፣ ሌላ መንገድ። በ2020 ለንደን የሚማር ማሎን ሙኩዌንዴ የተባለ የዚምባብዌ ተወላጅ የሕክምና ተማሪ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ምልክቶች ምን እንደሚመስሉ የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። ከዊላን ሥዕሎች ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ያውም በተማሪ!

* * *

ድሬዳዋ ለችፌ ሌላም ነገር አበርክታለች። በጣልያን ወረራ ዘመን የተተከለው የአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ ነው ያለው፤ ከተማይቱ በሲሚንቶ እንጀራ የሚበላ ሰው አጥታ አታውቅም። ግንበኞች «ሲሚንቶ እጄን በላኝ» ይላሉ፤ ጣታቸው ይሰነጠቃል፣ ይጠቁራል፣ ያሳክካል። ይህም ችፌ ነው፣ ከነገር መነካካት የሚመጣው ዓይነት። እርጥብ ሲሚንቶ በራሱ ቆዳ ያቃጥላል፤ በ1950 ሁለት የስዊስ ሐኪሞች እንዳሳዩት ግን ዋናው ጠላት በውስጡ ያለው የክሮሚየም ዓይነት ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ ከተቆጣበት ዕድሜ ልክ ያስታውሰዋል። ዴንማርክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሲሚንቶው ውስጥ ጥቂት የብረት ጨው በመጨመር ይህን ችፌ በእጅጉ ቀነሰች፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ በሕግ ገደበው። በእኛ አገር ግንበኛ በባዶ እጁ ሲያቦካ ማየት ዛሬም ብርቅ አይደለም። ሁለት መቶ ዓመት የተመራመሩበትን ነገር ጓንት ይመልሰው ነበር።

ድሬሰሩ ለእኔ ያዘዘልኝ ቀላል ነው። ሙቅ ውኃ ተው፣ ገላህን በቶሎ ታጠብ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን ተቀባ፣ ጥፍርህን ቁረጥ፣ ያን ሸሚዝ ጣል። ላብ ያሳክካልና ሸሚዙ ራሱ በሽታውን ሲመግበው ኖሯል። እናቴ ከዚያ በፊት በባቡር ወስዳኝ ኤረር ፍል ውኃ ነክራኛለች። ለሰዓታት እፎይ ያሰኛል፣ ማታ ግን ይብሳል። ስለ ከተማችን ስም የሚነገረው ብዙ ነው፤ አንዱ «ዳዋ» መድኃኒት ነው፣ ድሬዳዋም የመድኃኒት ሜዳ ናት ይላል። እውነት ቢሆን ደስ ባለኝ።

መድኃኒት የተባለ ነገር እንኳ አላጣችም። ባለፈው ዓመት ቤተሰብ ልጠይቅ ወርጄ፣ ያቺ ጎረቤታችን የልጅ ልጇን አቅፋ መጣች። በእጇ ከታይዋን ገበያ የገዛችው ቱቦ አለ። ላዩ ላይ የምታምር ቀይ ሴት፣ ከሥሯ በማላውቀው ቋንቋ ጽሑፍ። በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የኮርቲዞን ወገን የሆነ ቅባት ችፌን እንደሚያበርድ ሲያሳዩ ለሕሙማን ታላቅ ቀን ነበር፤ በሐኪም እጅ ዛሬም ዋናው መድኃኒት ነው። ከዚያው ወገን ብርቱዎቹ ግን የፊት ማቅያ ተብለው ያለ ማዘዣ ሲሸጡ ቆዳን ያሳሳሉ፣ ደም ሥር ያወጣሉ፤ ጭርት ላይ ከተቀቡማ መልኩን ለውጠው ሐኪሙን ሳይቀር ያሳስታሉ።

ልጁ ረጅም እጅጌ ለብሷል። አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ በክርኑ ውጪ ዐመድማ፣ እህል እህል የሚል።

«ያሳክከዋል?» አልኳት።

«አያስተኛንም» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አንተ፣ ያ ነገር ይሆን እንዴ?»

ሆስፒታል ይዛው እንድትሄድ፣ ቱቦውንም ለሐኪሙ እንድታሳየው ነገርኳት። አልተረጋጋችም። ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዘዝሁ። ልጁ ዓይኑን ጨፍን ሲባል በአንዱ ዓይኑ እያጮለቀ ሳቀ፤ ክሯ ገና ሳታርፍበት በጣቱ ቦታውን አሳየኝ፤ ቀጥሎም ማከኩን ጀመረ።